የ45 ቀን ጫጩት አስገባሁ፤ ሻጩ «ትልልቆቹ የሚበሉትን ስጫቸው» አለኝ። ልስጣቸው?

ደብረ ብርሃን ጓሮ
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። 150 የ45 ቀን ጫጩት አስገብቻለሁ። ዝርያቸው ቦቫንስ ብራውን የሚባለው ቡናማ እንቁላል ጣይ ነው። ከእነሱ ጎን ደግሞ እንቁላል የሚጥሉ 40 ዶሮዎች አሉኝ። ጫጩቶቹን የሸጠልኝ ሰው «ክትባታቸው አልቋል፣ ከእንግዲህ ምንም አይሆኑም፣ ትልልቆቹ የሚበሉትን ስጫቸው» ብሎኝ ሄደ። የመኖ መደብሩ ግሮወር የሚባለውን የቄብ መኖ ውሰጂ ይለኛል። ጎረቤቴ ደግሞ ቄብ እስኪሆኑ ፉርሽካና የእህል ግርድ ይበቃቸዋል ትላለች። የማንን ልስማ? ለሁሉም የሚሆን አንድ መኖ ቢኖር ደግሞ ደስ ይለኛል፤ ሁለት ሦስት ዓይነት ጆንያ ማስቀመጫ ቦታም የለኝም። የምታውቁ እባካችሁ።

ሐኪሙ ከአዳማ
እህቴ፣ በቅድሚያ የሌየሩን፣ ማለትም የእንቁላል ጣዮቹን መኖ ከጫጩቶቹ አርቂ። ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ምክንያቱ ካልሲየም ነው። የእንቁላል ጣይ መኖ ውስጥ ካልሲየሙ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ይደርሳል። ዶሮዋ በየቀኑ ማለት ይቻላል ቅርፊት ስለምትሠራ ያስፈልጋታል። ጫጩት ግን ቅርፊት አትሠራም። የሚያስፈልጋት 1 በመቶ ገደማ ነው። የተረፈውን ኩላሊቷ ማስወጣት አለበት፣ ያ ለጋ ኩላሊት ደግሞ ያን ያህል አይችልም። ቀስ በቀስ ይጎዳል፤ ሰውነቷ ውስጥ ዩሪክ አሲድ ይጠራቀማል። እንዲህ ሆና የሞተችውን ስትከፍቺ ልቧና ጉበቷ ላይ እንደ ጠመኔ ያለ ነጭ ነገር ታገኛለሽ። መጥፎው ነገር ዛሬ ሰጥተሻት ነገ አትሞትም። ብዙ ውሃ ትጠጣለች፣ ኩሷ ይቀጥናል፣ ትመነምናለች። አንዳንዷ ለእንቁላል ከደረሰች በኋላ ነው የምትወድቀው። ያኔ ሰው በሽታ ገባ ብሎ መድኃኒት ይገዛል።

የ45 ቀን ጫጩት 6 ሳምንት ተኩል ናት። እስከ 8 ሳምንት ድረስ የጫጩት መኖ፣ ማለትም ስታርተር፣ ፕሮቲኑ ከ18 እስከ 20 በመቶ የሆነውን ስጪያት። ከዚያ ግሮወር ታስገቢያለሽ፤ ፕሮቲኑ ከ15 እስከ 16 በመቶ ነው። ስትቀይሪ በአንድ ቀን አይሁን። አሮጌውንና አዲሱን እየቀላቀልሽ በአንድ ሳምንት ውስጥ አሸጋግሪያቸው።

«ክትባታቸው አልቋል» ያለሽም አያስኬድም። የፈንግል ክትባት እንቁላል ከመጀመራቸው በፊት መደገም አለበት። የተሰጣቸውን የክትባት ካርድ ጠይቂው፤ ካርድ ካልሰጠሽ አካባቢሽ ያለውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ አማክሪ።

ጋሽ ቢሾፍቱ
ልጄ፣ ዶክተሩ ያለሽን ያዢ። እኔ የምጨምርልሽ አለ። ዶሮ እርባታ ላይ ሰው የሚሸነፈው አንቺ አሁን ያለሽበት ቦታ ላይ ነው። የአንድ ቀን ጫጩት ሲያስገባ ሁሉም ይጠነቀቃል። አምፖል ያበራል፣ ሌሊት ይነሳል፣ ጥሩ መኖ ይገዛል። እንቁላል ሲጀምሩም ገንዘብ ስለሚያመጡ አይከለክላቸውም። መካከል ላይ ያሉትን ግን ይረሳቸዋል። ከ45 ቀን እስከ 4 ወር ድረስ እየበሉ ምንም አይሰጡም። ስለዚህ ሰው እጁ ይሰበሰባል፤ ፉርሽካ ይበዛል።

የዶሮ አጽም ግን የሚሠራው በዚሁ ጊዜ ነው። 12ኛው ሳምንት ሲያልፍ አብዛኛው አጥንቷ ተሠርቶ አልቋል። በዚያ ጊዜ የቀረባትን በ5ኛው ወር ብታጎርሻት አይመለስም። አጥንቷ ትንሽ የሆነች ዶሮ ዘግይታ ትጀምራለች፣ ትንንሽ እንቁላል ትጥላለች፣ ቶሎ ትደክማለች። ቄብ ላይ የቆጠብሽውን ዓመት ሙሉ ከእንቁላሉ ላይ ትከፍይዋለሽ።

ስለዚህ ሚዛን ግዢ። የእጅ ሚዛን ይበቃል። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ አንድ ቀን ወስነሽ፣ ጠዋት መኖ ከመስጠትሽ በፊት፣ ከየጥጉ 15 የሚሆኑ ያዢና መዝኚ። መርጠሽ አትያዢ፣ እጅሽ የያዘችውን። ቡናማ እንቁላል ጣይ በ8 ሳምንት ከ600 እስከ 700 ግራም፣ በ12 ሳምንት 1 ኪሎ አካባቢ፣ በ18 ሳምንት 1.5 ኪሎ አካባቢ ብትሆን በመንገዷ ላይ ናት። 8 ሳምንት ሞልቷቸው ኪሎው ካልደረሰ ስታርተሩን አትቀይሪ፤ እስኪደርሱ አንድ ሁለት ሳምንት ቀጥይበት። እኔ ዕድሜ ከምቆጥር ኪሎ ብከተል እመርጣለሁ።

ደብረ ብርሃን ጓሮ
ዶክተር፣ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሌየሩን ዛሬውኑ አንስቻለሁ። እስከ እንቁላል ድረስ ስንት ኩንታል ልዘጋጅ? ብሩን አስቀድሜ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ጋሽ ቢሾፍቱ
አንዲት ቡናማ እንቁላል ጣይ ከተፈለፈለች እስከ 18 ሳምንት ከ6 እስከ 7 ኪሎ ትበላለች። ያንቺዎቹ ከዚህ ውስጥ አንድ ኪሎ ከምናምኑን በልተው ነው የመጡት። የሚቀረውን ለ150 ስታባዢው 8 ኩንታል ገደማ ይሆናል። የናንተ አገር ብርድ ስለሆነ ትንሽ ጨምሪበት፤ ዶሮ ሲበርዳት ሙቀቷን ለመጠበቅ ብላ ብዙ ትበላለች። ማታ ነፋስ የሚገባበትን ቀዳዳ ድፈኚ፤ መኖ ይቆጥብልሻል። አየር ማስወጫውን ከላይ ተይው ግን፣ አለዚያ የኩሱ ሽታ ዓይናቸውንና ሳንባቸውን ይጎዳል።

አሁን በቀን ለአንዷ 50 ግራም ገደማ አስቢ። ወደ 18ኛው ሳምንት 80 ግራም ታልፋለች። ስትጥል 110፣ 120 ግራም። ውሃ የመኖውን እጥፍ ነው። ውሃ ከተቋረጠ መኖውም ይቆማል።

መመገቢያውንም እዪ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ቆመው የሚበሉበት ቦታ ከሌለ ጉልበተኞቹ እየበሉ ደካሞቹ ይቀራሉ። ለአንዷ ቢያንስ 8 ሳንቲ ሜትር ይኑራት። ስትመዝኚ ግማሹ 900 ግራም ግማሹ 500 ከሆነ መኖውን ከመውቀስሽ በፊት መመገቢያውን ጨምሪ፤ ትንንሾቹንም ለብቻ ለያቸው።

የሰላሌ ልጅ
ይቅርታ፣ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። እናቶቻችን ዶሮ ያሳደጉት በስታርተርና በግሮወር ነው እንዴ? ግርድ፣ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ ከጓሮ የምትጭረው። እኛ ቤት አሁንም እንደዚያው ነው፣ ዶሮ ጠፍቶብን አያውቅም። ለምን ሰውን ወጪ ውስጥ ትከቱታላችሁ?

ሐኪሙ ከአዳማ
ወንድሜ፣ ለሐበሻ ዶሮ ያልከው እውነት ነው። እሷ ቀኑን ሙሉ ትጭራለች፤ ምስጥ፣ ትል፣ ቅጠል፣ የወደቀ እህል ታገኛለች። ፕሮቲኗን ከዚያ ነው የምታመጣው። የምትጠብቅባትም በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው። የእህታችን ዶሮዎች ቤት ተዘግቶባቸው 300 ገደማ እንቁላል እንዲጥሉ የተዳቀሉ ናቸው። መጭሪያ የላቸውም። ያልሰጠሃቸውን ከየትም አያመጡትም።

ፉርሽካ ጥላቻ የለኝም። ገለባነቱ ግን ይበዛል። ጫጩት ሆዷን ሞልታበት ጉልበት የሚሰጣትን ሳታገኝ ትቀራለች። ለቄብ በቅልቅል ውስጥ ጥቂት ይገባል። ብቻውን ቀለብ አይሆንም።

ላንተ ቤት ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ያቀፈችዋ ዶሮ ጫጩት ስታወጣ ብዙዎቹ የሚሞቱት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ጭልፊትና ሸለመጥማጥ የሚወስዱት አለ፤ በረሃብ የሚደክሙትም ብዙ ናቸው። እናቲቱ የማትገባበት፣ ጫጩቶቹ ግን በቀዳዳው የሚሾልኩበት ቅርጫት ድፋላቸው። ከውስጥ ትንሽ ስታርተር ካለህ እሱን፣ ከሌለህ ደቀቅ ያለ በቆሎ ከተቆላ አኩሪ አተር ዱቄት ጋር አድርግ። ለጥቂት ጫጩት የሚያስፈልገው እፍኝ እፍኝ ነው። ልዩነቱን ታየዋለህ።

የሰላሌ ልጅ
እሺ ዶክተር፣ ይሄንን ለእናቴ እነግራታለሁ። አመሰግናለሁ። አኩሪ አተሩ ለምን መቆላት አለበት?

ሐኪሙ ከአዳማ
ጥሬው ውስጥ ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚከለክል ነገር አለ። እሳት ያጠፋዋል። ጥሬውን ብትሰጣት ትበላለች፣ አታድግም። ከዘይት ፋብሪካ የሚወጣው የአኩሪ አተር ፋጉሎ ግን በሙቀት ያለፈ ስለሆነ እሱ ችግር የለበትም። ጓያ ደግሞ ርካሽ ነው ብላችሁ አታስገቡ።

ሀዋሳ ሁለት በአንድ
ለደብረ ብርሃኗ እህት፦ «ለሁሉም አንድ መኖ» ላልሽው መልስ አለ። እኔ ዕድሜያቸው የተለያዩ ዶሮዎች አንድ ግቢ ውስጥ ነው የማኖረው። ለሁሉም ግሮወር እሰጣለሁ። ለሚጥሉት ደግሞ የኖራ ድንጋይ ሽርክት በሌላ ዕቃ አስቀምጥላቸዋለሁ። የምትጥለዋ ሰውነቷ ስለሚጠይቃት ሄዳ ትለቅማለች፤ ያልደረሰችዋ ቀምሳ ትተወዋለች። የታጠበ፣ የደረቀና የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊትም ይሆናል። ቅርፊቱን በደንብ አድቅቂው፤ እንቁላልነቱ ከታወቃቸው የራሳቸውን እንቁላል መብላት ይለምዳሉ።

አደራ፣ ኖራው ለግንባታ የሚሸጠው የተቃጠለው ነጭ ኖራ እንዳይሆን። እሱ ያቃጥላል። የምትፈልጊው የተፈጨውን ጥሬ የኖራ ድንጋይ ነው፤ መኖ መደብር ይገኛል።

ሐኪሙ ከአዳማ
ይሠራል፣ ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛ፣ የጫጩትም ሆነ የግሮወር መኖ ውስጥ አንዳንድ ጊዜ የኮክሲዲያ መከላከያ መድኃኒት ይጨመራል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣውን በሽታ ለመከላከል ነው። እንዲህ ያለውን መኖ እንቁላሏ ለሚበላ ዶሮ አትስጡ። ስትገዙ መድኃኒት አለበት ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛ፣ በግሮወር ላይ ያለች ዶሮ በፕሮቲን ከሌየሩ ትንሽ ታንሳለች። ለ10 ዶሮ ጉዳዩ ቀላል ነው። ለ40ዎቹ ግን እኔ ሌየሩን ለብቻ እገዛ ነበር፤ በቀን 5 ኪሎ ያህል ነው የሚበሉት። በመካከላቸው ሽቦ ይጋረድ፤ አዲሶቹ ከአሮጌዎቹ ጋር ባይቀላቀሉ ለበሽታውም ይሻላል።

ቅልቅል ቤት አዳማ መንገድ
እኔ መኖ የማቀላቅል ሰው ነኝ። ራሳችሁ መቀላቀል ለምትፈልጉ ለእንቁላል ጣይ አንድ ኩንታል እንዲህ አድርጋችሁ መነሳት ትችላላችሁ፦ በቆሎ 55 ኪሎ፣ የአኩሪ አተር ፋጉሎ 15፣ የኑግ ፋጉሎ 15፣ ፉርሽካ 4.2፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት 8፣ የአጥንት ዱቄት 2፣ ፕሪሚክስ (የቫይታሚንና የማዕድን ቅልቅል) ግማሽ ኪሎ፣ ጨው 300 ግራም። ፕሮቲኑ 16 በመቶ ከፍ ይላል፣ ካልሲየሙ 3.5 ያልፋል። የፋጉሎው ጥራት ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ብዙ የምታመርቱ ከሆነ ናሙና አስመርምሩ።

ኑግና አኩሪ አተር ለምን አንድ ላይ? አንዱ የጎደለውን ሌላው ስለሚሞላ ነው። ላይሲንና ሜቲዮኒን ፕሮቲን የሚሠራባቸው ነገሮች ናቸው፤ ኑግ ላይሲን ያንሰዋል፣ አኩሪ አተር ሜቲዮኒን ያንሰዋል። ርካሽ ነው ብሎ በኑግ ብቻ የሚሞላ ሰው ፕሮቲኑ በወረቀት ላይ ሞልቶ ዶሮው የማያድገው ለዚህ ነው። ለጫጩት ደግሞ ኑጉን ቀንሱ፤ ገለባው ይበዛባታል።

ጨው በዓይን አይጨመርም። ይመዘናል። የበዛ ጨው ጫጩት ይገድላል። ፕሪሚክሱንና ጨውን መጀመሪያ ከጥቂት በቆሎ ዱቄት ጋር በደንብ ለውሱ፣ ከዚያ ወደ ትልቁ ጨምሩ። በቀጥታ ብትበትኑት አንዷ ሙሉውን ትበላለች፣ ሌላዋ ምንም አይደርሳትም።

ከሁሉም በላይ ግን ሻጋታ ፍሩ። የሻገተ በቆሎና ፋጉሎ ውስጥ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖር ይችላል፤ ጉበት ይጎዳል። መቁላትም መቀቀልም አያጠፋውም። «ለሰው ባይሆንም ለዶሮ ይሆናል» የሚባለው ነገር በጣም ያሳዝነኛል። ጫጩት ከሰው ይልቅ ትጎዳለች። ጆንያውን ከመሬት በእንጨት ከፍ አድርጉት፣ ከግድግዳም አርቁት። ክረምት ላይ ከአንድ ወር ቀለብ በላይ አታከማቹ።

ቨርጂኒያ
ወንድሜ ሰንዳፋ ዶሮ ጀምሯል፤ ገንዘቡን የምልክለት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ በደንብ እያነበብኩ ነው። እኔም እዚህ ጓሮዬ ውስጥ ጥቂት ዶሮዎች አሉኝ። እዚህ ጆንያው ላይ ለየትኛው ዕድሜ እንደሆነ፣ ፕሮቲኑና ካልሲየሙ፣ መድኃኒት ካለበት ስሙ ተጽፎ ይለጠፋል። አገር ቤት ጆንያው ላይ ምን ማየት እንችላለን?

ቅልቅል ቤት አዳማ መንገድ
ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ይለጥፋሉ። ወንድምህ መለያ የተሰፋበትን፣ የተመረተበት ቀን ያለበትን ይግዛ። ከተከፈተ ጆንያ በኪሎ እየተሰፈረ የሚሸጠውን ይተወው፤ የየትኛው ዕድሜ መኖ እንደሆነ ማረጋገጫ የለውም። በእጁ ዘግኖ ያሽት። የሻጋታ ሽታ ካለው፣ እጅ ላይ ከተጓጎለ፣ አይውሰድ።

እንቁላል አከፋፋይ
እኔ መኖ አላውቅም፣ ገበያ ነው የማውቀው። አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዐቢይ ጾም ሲገባ የእንቁላል ዋጋ ይወርዳል፤ ብዙ አርቢ መኖ ይቀንሳል ወይም ወደ ፉርሽካ ይዞራል። ፋሲካ ሲደርስ እንቁላል ስጡኝ ስል «ዶሮዎቹ አቆሙ» ይሉኛል። ምን ይሻላል?

ጋሽ ቢሾፍቱ
ይሄ ትልቅ ጥያቄ ነው። የምትጥል ዶሮ ላይ መኖ ስትቀንስባት መጀመሪያ ከራሷ አካል እየቀነሰች ትጥላለች። ከዚያ ታቆማለች፣ ላባዋን ትጥላለች። መልሰሽ ብታበያትም ወደ ቦታዋ ለመመለስ ሳምንታት ይፈጅባታል። ጾሙ 55 ቀን ነው፤ እሷ ስትመለስ ፋሲካው አልፏል።

በጾም ወጪ መቀነስ የሚፈልግ መኖውን ሳይሆን ቁጥሩን ይቀንስ። የማይጥሉትን ለይቶ ቅበላ ላይ ይሽጥ። የምትጥል ዶሮ የዳሌ አጥንቷ መካከል ሁለት ሦስት ጣት ያስገባል፤ ያቆመችው ጠባብ ነው። ከዚህ የሚሻለው ደግሞ ማቀድ ነው። የአንድ ቀን ጫጩት ሙሉ ምርት ላይ የምትደርሰው በ6 ወር ገደማ ነው። ለፋሲካ ሙሉ እንቁላል የሚፈልግ ጥቅምት ላይ ጫጩት ያስገባ።

ሳሶ አርቢ ባሕር ዳር
የስጋ ዶሮስ? ኮብ 500 የሚባለውን የስጋ ዝርያ ልጀምር ነው፤ ስለ እንቁላል ብቻ ነው የምታወሩት።

ሐኪሙ ከአዳማ
የስጋ ዶሮ መንገዷ አጭር ነው። በመጀመሪያዎቹ 10፣ 14 ቀናት ፕሮቲኑ 22 በመቶ ገደማ የሆነ የስጋ ስታርተር፣ ከዚያ 20 ገደማ የሆነ ግሮወር፣ በመጨረሻ 18 ገደማ ፊኒሸር። ከ42 እስከ 45 ቀን ውስጥ ትሸጣለህ። የእንቁላል ቄብ ግሮወር ለእሷ አይበቃትም፤ ስሙ አንድ ሆኖ ይዘቱ ይለያያል። ስትገዛ «የስጋ» በል። ሳሶዎችህ ግን በስጋና በእንቁላል ዝርያ መካከል ናቸው፤ በዝግታ ያድጋሉ። ሴቶቹን ለእንቁላል የምታቆያቸው ከሆነ ከ8 ሳምንት በኋላ መኖውን በመጠን አድርግላቸው፤ ስብ ከያዙ እንቁላል ይቀንሳሉ።

ደብረ ብርሃን ጓሮ
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ስታርተር ገዝቻለሁ፣ ሚዛንም ተውሻለሁ። አማካዩ 480 ግራም መጣ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ሌየር መቼ ላስገባ? ደግሞ አሮጌ ስታርተር የተረፈበት ጆንያ አለ፣ ለፈረሳችን ብንሰጠውስ? ብዙ ብር ነው፣ መጣሉ ያሳዝናል።

ጋሽ ቢሾፍቱ
480 ለዕድሜያቸው መጥፎ አይደለም ልጄ፣ በዚሁ ቀጥይ። ሌየሩን በቀን መቁጠሪያ አታስገቢ። ከ16ኛው ሳምንት በኋላ እያቸው። አናታቸው ላይ ያለው ሥጋ ይቀላል፣ ስትቀርቢያቸው ቁጢጥ ይላሉ። ያኔ ካልሲየሙ 2 በመቶ ከፍ ያለ የቅድመ እንቁላል መኖ ብታገኚ ስጪያቸው፤ አጥንታቸው ውስጥ ለቅርፊት የሚሆን ያጠራቅማሉ። ከ100 ቄብ 5ቱ ሲጥሉ ሙሉ በሙሉ ወደ ሌየር ግቢ። መብራትም አብሮ ይጨመር፤ ቀስ በቀስ በቀን እስከ 16 ሰዓት ርዝመት።

ሐኪሙ ከአዳማ
ፈረሱን ተይው እህቴ። የዶሮ መኖ ውስጥ ከሚጨመሩት የኮክሲዲያ መድኃኒቶች መካከል ሞኔንሲንና ሳሊኖማይሲን ፈረስን ይገድላሉ። ልቡን ነው የሚመቱት። ዶሮ ምንም የማትሆንበት መጠን ለፈረስ መርዝ ነው። አህያና በቅሎም አይቅመሱት። መለያው ላይ መድኃኒት ባይጻፍም አትሞክሪው። አሮጌ ስታርተርሽ ካልሻገተና የተመረተበት ቀን ካልራቀ ለጫጩቶቹ ከአዲሱ ጋር ቀላቅለሽ ጨርሺው። ከሻገተ ቅበሪው። ጆንያዎቹንም ፈረሱ ከሚያድርበት ቤት አውጪ፤ ሌሊት በጥርሱ ቀዶ ይበላል።